ሽፈራው፦ ከኮንሶ ማሳ እስከ ቤተ ሙከራ

ከአዲስ አበባ ወደ ጂቡቲ ለሚመጣ ዘመድ «ሽፈራው እንዳትረሳ» ብሎ ያላዘዘ የሀራሙስ ነዋሪ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። አረንጓዴው ዱቄት እንደ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል፤ ብዙውን ጊዜም የሚጠጣው ለስኳር በሽታ ነው። ለመሆኑ ስለዚህ ቅጠል በጥናት የተረጋገጠው ምን ያህል ነው?

ሽፈራው በሳይንሳዊ ስሙ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ይባላል። የትውልድ ስፍራው ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ነው። ኮንሶዎች በእርከን ማሳዎቻቸውና በየደጃቸው ይተክሉታል፤ ቅጠሉንም እንደ ጎመን ቀቅለው ከኩርኩፋ ጋር ይመገቡታል። ለእነርሱ ከመድኃኒትነቱ በፊት ምግብ ነው፤ ይህን ዛሬ በጥቅል የሚሸጡት ነጋዴዎች ብዙም አይነግሩንም።

እ.ኤ.አ. በ1997 ኢያሱ መኮንንና ባልደረቦቻቸው የቅጠሉ የውኃ ጭማቂ የጥንቸሎችን የደም ስኳር ዝቅ እንደሚያደርግ የሚገልጽ ጥናት አሳተሙ። በ2011 ደግሞ ሙከራው አሎክሳን በተሰጣቸው አይጦች ላይ ተደረገ። ይህ ኬሚካል ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ስለሚያጠፋ፣ እንስሳቱ ሆን ተብሎ የስኳር ሕሙማን ይደረጋሉ። ከዚያም ጭማቂው በሰውነታቸው ክብደት ተመጥኖ ይሰጣቸዋል፤ ደማቸውም ይለካል።

በ2015 በእንግሊዝ አገር ከግሪንዊች ዩኒቨርሲቲ ሰሎሞን ሀብተማርያም ባሳተሙት ጥናት በቅጠሉ ውስጥ ሩቲንና ኒዮክሎሮጄኒክ አሲድ የተባሉ ፀረ ኦክሲዳንቶች ተለይተዋል። (ለተርጓሚ ይህ ቃል አስቸጋሪ ነው። እኔ «ፀረ ዝገት» ብለው ደስ ይለኝ ነበር፤ የባሕሩ ነፋስ የጂቡቲን የብረት በር እንደሚበላው፣ ኦክሲጅንም ሕዋሳትን ይጎዳልና።)

እነዚህ ውጤቶች ተስፋ ሰጪ ናቸው። ነገር ግን ከጥንቸል እስከ ሰው ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ለማወቅ፣ በከተማችን ፋርማሲዎች የታወቀውን ግሉኮፋዥን ማየት ይበቃል። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ጋሌጋ ከተባለ የአውሮፓ ባሕላዊ መድኃኒት ነው፤ ተክሉ በግ ሲበላው ይመርዘዋል። በ1918 ዋታናቤ የተባለ ተመራማሪ ጓኒዲን የተሰኘው ንጥረ ነገር የጥንቸሎችን የደም ስኳር እንደሚቀንስ አሳየ። ከጋሌጋ የተገኘው የዚሁ ቤተሰብ ውሕድ በ1920ዎቹ በሕሙማን ላይ ቢሞከርም መርዛማነቱ ስለበዛ ተተወ። ሜትፎርሚን ግን በ1922 በደብሊን በዌርነርና በቤል ተቀመመ፤ ከዚያም ለዓመታት ተረስቶ ኖረ። ለስኳር ሕሙማን መድኃኒትነቱን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን ያሳተሙት በ1957 ነው። ከዋታናቤ ጥንቸሎች እስከዚያ ድረስ 39 ዓመት አለፈ። መድኃኒት የሆነውም ቅጠሉ ራሱ አይደለም፤ በቅጠሉ ፍንጭ የተሠራና ልኩ የታወቀ ውሕድ ነው።

ሽፈራው ይህን መንገድ ገና አልጨረሰም። ቤተ ሙከራው የለካው ጭማቂና እኛ በማንኪያ የምንጨምረው ዱቄት አንድ አይደሉም፤ የአይጥ መጠንም ለሰው እንዲሁ አይሰላም። በኮንሶ ገበታ የኖረውን ጎመን መብላት የሚያስፈራ ነገር የለውም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ መድኃኒቱን ሳይተው ብዙ ዱቄት የሚጨምር ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል፤ ቆሽቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ ሕመምተኛ ደግሞ መርፌውን ትቶ በሻይ ቢተካ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም «ምን ትወስዳለህ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ከረጢትም ከክኒኑ ጋር አብሮ ይጠቀስ።