ሰነዱ የማን ነው? ከኩምሳ ሞረዳ ቤት እስከ ክላውድ

በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጣረሱ ነገሮች ተከናወኑ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጣ፤ በኮምፒውተር የተዘጋጀ ሰነድና የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና አገኙ። በዚያው ዓመት፣ ታኅሣሥ 24 ቀን፣ ገና ሊከበር አራት ቀን ሲቀረው፣ በምዕራብ ኦሮሚያ መስመሩ ተቋረጠ። በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ኢንተርኔቱ ብቻ ሳይሆን ሞባይሉም መደበኛ ስልኩም ዝም አለ። ነቀምት ባለችበት በምሥራቅ ወለጋ ስልክ በትልልቅ ከተሞች ብቻ ሲሠራ ኢንተርኔት ግን ጠፋ። አገልግሎቱ የተመለሰው በመጋቢት መጨረሻ፣ ኮሮና አገር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር።

መንግሥት በአንድ እጁ «ሰነዳችሁን ወደ ኮምፒውተር አምጡ» እያለ በሌላ እጁ ወደ ሰነዱ የሚወስደውን መንገድ ዘጋ ማለት ነው። በጊዜው የተነገረው በአብዛኛው ስለ ፖለቲካውና ስለ ግጭቱ ነበር። ትንንሽ ድርጅቶች ምን ሆኑ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ነቀምት ውስጥ አምስት ወይም አሥር ሠራተኛ ያለው ድርጅት ደብዳቤውን፣ ደረሰኙንና የዕቃ ዝርዝሩን በየወሩ እየከፈለ ክላውድ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ሰነዱ የማን ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?

ነቀምት ለሰነድ አዲስ አይደለችም

የወለጋን ታሪክ ያጠና ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ የወረቀት ክምችት አለ። የሌቃ ነቀምቱ ገዥ ሞረዳ በከሬ ለምኒልክ ከገበሩ በኋላ ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ግዛቱን ወርሰው ለአሥርት ዓመታት አስተዳደሩ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ነቀምት ውስጥ ይታያል። ከአዲስ አበባ ጋር የተጻጻፉት ደብዳቤና የአስተዳደሩ ወረቀትም አልጠፋም። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ አሰናድተውት እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ስለዚያ ዘመን ወለጋ የምናውቀውን ያህል ያወቅነው በብዛት በእነዚህ ወረቀቶች ነው።

ወረቀቱ ለምን ተረፈ? አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ዘንድ ነበር። ለማንበብ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። የወር ክፍያ ስላልተከፈለበት የሚሰረዝ ደብዳቤም አልነበረም።

ይህን ስንል ወረቀትን ማሞገሳችን አይደለም። ወረቀት ይቃጠላል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ያበሰብሰዋል። ለአንድ የደጃዝማች ቤት ክምችት መትረፍ ስንት የነጋዴ መዝገብ ጠፍቶ ይሆን? ክላውድ የመጣው ይህን እውነተኛ ችግር ሊፈታ ነው። ጥያቄው አንዱን ችግር ሲፈታ የትኛውን ይዞ መጣ የሚለው ነው።

ከካርቦን ወረቀት እስከ ፍላሽ

የኢትዮጵያ ቴሌኮም ታሪኩን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ነው። ኢንተርኔት ግን የገባው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል የሚሠራ የኢሜይል አገልግሎት ነበር። መልእክቱ ኮምፒውተር ውስጥ ይጠራቀማል፤ በተወሰነ ሰዓት በስልክ መስመር ተደውሎ በአንድ ጊዜ ይላካል። አዝጋሚ ነበር፤ ነገር ግን መስመር ሊጠፋ እንደሚችል አስቀድሞ ያሰበ አሠራር ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ጽሑፉ ጸሐፊው ዘንድ ይቀራል።

በክፍለ ሀገር ከተሞች የቢሮ ሥራ ከታይፕና ከካርቦን ወረቀት ወደ ኮምፒውተር የተሻገረው በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች በኩል ነው። ሶፍትዌር ማለት ከሰው የተቀዳ፣ አንዴ ተጭኖ የሚረሳ ነገር ነበር። ዎርድና ኤክሴል ከማሽኑ ጋር አብረው የሚመጡ እንጂ የሚገዙ አይመስሉም ነበር። ሒሳብ ማለት ፒችትሪ ነው፤ ፒችትሪ ደግሞ የሚኖረው ሒሳብ ሹሟ ጠረጴዛ ላይ ባለው አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ያ ኮምፒውተር ሲበላሽ የድርጅቱ ዓመት አብሮ ይበላሻል። ፋይል የሚዞረው በፍላሽ ነበር፤ ቫይረሱም አብሮ ይዞራል።

ወለጋ በአንድ ነገር ከአዲስ አበባ ቀላል ጊዜ አሳልፏል። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ ስለሚጻፍ ደብዳቤው በየትኛውም ኮምፒውተር ይነበባል። በአማርኛ የሚጻፈው ግን በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ይጻፍ ነበርና ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ትርጉም አልባ የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ልማዱ ቶሎ አልተለወጠም። ዛሬ የድሮ የአማርኛ ሰነዱን ክላውድ ላይ ጭኖ «ተበላሸብኝ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የተበላሸበት ፋይሉ ሳይሆን ፎንቱ ነው።

ግዢ ወደ ኪራይ ተለወጠ

ጎግል የድርጅት ኢሜይልና ሰነድ አገልግሎቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በነጻ ነው። በዓመቱ ለአንድ ሠራተኛ በዓመት 50 ዶላር የሚከፈልበትን አመጣ። በ2012 ነጻውን ለአዲስ ደንበኛ ዘጋ፤ በ2022 ደግሞ የቆዩ ነጻ ተጠቃሚ ድርጅቶችንም ወደ ክፍያ እንደሚያሻግር አስታወቀ። ማይክሮሶፍት በ2011 ኦፊስ 365ን ይዞ መጣ። ዝቅተኛው የድርጅት ጥቅል በመጋቢት 2022 በአንድ ሰው በወር ከ5 ዶላር ወደ 6 ዶላር ከፍ አለ።

ለውጡ የዋጋ ብቻ አይደለም። በፊት ሶፍትዌር ይገዛ ወይም ይቀዳ ነበር፤ አሁን ይከራያል። ተከራይ ደግሞ ኪራይ ካልከፈለ ዕቃው ምን እንደሚሆን ማወቅ አለበት። ማይክሮሶፍት ለብዙዎቹ የድርጅት ጥቅሎች ያወጣው ደንብ እንዲህ ነው፦ ክፍያው ካለፈ 30 ቀን ይታገሳል፤ ከዚያ በኋላ ለ90 ቀን ሠራተኞች መግባት አይችሉም፣ የሚገባው አስተዳዳሪው ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መረጃው ይሰረዛል።

አሁን ይህን ደንብ ከ2012ቱ ወለጋ ጋር ጎን ለጎን እናስቀምጠው። ከታኅሣሥ 24 እስከ መጋቢት 22 ድረስ 88 ቀን ነው። ውሉ መስመሩ በተቋረጠበት ቀን የሚያበቃ ድርጅት ቢኖር፣ ኢንተርኔት ሲመለስለት የ30 ቀኑ ትዕግሥት አልቋል፣ ከ90ው ቀን ደግሞ 58ቱ ሄዷል። ለመሰረዝ የቀረው አንድ ወር ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች አንድ ሙሉ አካባቢ ለሦስት ወር ይዘጋል ብለው አላሰቡም። ማሰብ የነበረበት እዚህ ያለው ሰው ነው።

አንድ ሰነድ፣ ብዙ ቁልፍ

የመጀመሪያው ቁልፍ በኩባንያው እጅ ነው፤ ዋጋና ደንብ እሱ ይወስናል። ሁለተኛው የምንዛሪ ቁልፍ ነው። ክፍያው በዶላር ነው፤ የአንድ አነስተኛ ድርጅት ባለቤት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ እንደ ልቡ አያገኝም። ስለዚህ ውጭ ያለ ዘመድ ይከፍልለታል፣ ወይም አዲስ አበባ ያለ አሻሻጭ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አሥር ሠራተኛ በ6 ዶላር ሒሳብ በወር 60 ዶላር ነው፤ 3,420 ብር የነበረው 6,000 ብር ሆነ። አንድም አዲስ ነገር አልተጨመረለትም።

ሦስተኛው የመስመሩ ቁልፍ ነው፤ እሱ በመንግሥት እጅ ነው። ወለጋ በታኅሣሥ የቀመሰውን አገሩ በሙሉ በዚያው ዓመት ቀመሰው። ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማ። ትግራይ በጦርነቱ ወቅት ለረጅም ጊዜ ተቋርጣ ቆየች። በ2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ቆመ። ይህ የሆነው ሳፋሪኮም ሁለተኛ ኩባንያ ሆኖ አገር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ሁለት ኩባንያ መኖሩ አማራጭ የሚሆነው አንዱ በራሱ ችግር ሲቋረጥ ነው፤ ትእዛዝ ሲመጣ ግን ለሁለቱም ነው።

ብዙዎች የሚረሱት አራተኛ ቁልፍም አለ፤ አካውንቱን የከፈተው ልጅ። አንድ ድርጅት «ኮምፒውተር የሚችል» ወጣት ይቀጥራል፤ ልጁ በራሱ ጂሜይልና በራሱ ስልክ ቁጥር ሁሉንም ይከፍታል፤ አንድ ቀን የተሻለ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ሲሙን መቀየሩ ብቻ ድርጅቱን ከሰነዱ ጋር ሊያቆራርጠው ይችላል።

ታዲያ ክላውድ ይቅር?

አይቅር። ከነቀምት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ኡኬን እናስብ። እዚያ እህል የሚሰበስብ ሰው የጫነውን ኩንታል በጋራ ሠንጠረዥ ላይ ቢጽፍ፣ ነቀምት ያለው መጋዘን መኪናው ሳይደርስ ያውቃል፤ አዲስ አበባ ያለው ገዢም ያያል። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ መዝገቡ አይሰረቅም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በተግባር የብዙ አነስተኛ ድርጅቶች ክላውድ ቴሌግራም ነው፤ ደረሰኙም ውሉም ፎቶ ተነስቶ እዚያ ይጣላል። ከፋይል ክምር ውስጥ የአምና ደረሰኝ መፈለግ ግን መዝገብ መያዝ አይደለም፤ ግብር ሰብሳቢው ሰነድ ሲጠይቅ ልዩነቱ ይታወቃል።

ታሪኩ የሚያስተምረው ክላውድን መጠቀም ከኩምሳ ሞረዳ ቤት ልማድ ጋር አብሮ መሄድ እንዳለበት ነው፤ ዋናው ቅጂ የትም ይሁን፣ አንዱ ባለቤቱ ዘንድ ይኑር። ይህ በተግባር ጥቂት ነገር ነው። አካውንቱ በድርጅቱ ስም ይከፈት፤ አስተዳዳሪው ከአንድ ሰው በላይ ይሁን፣ አንዱ ራሱ ባለቤቱ። የማረጋገጫ ኮድ በስልክ መልእክት ብቻ እንዲመጣ አይደረግ፤ ስልክ ሲቋረጥ ኮዱም ይቀራልና መጠባበቂያ ኮዶቹ ታትመው ካዝና ውስጥ ይቀመጡ። በየሳምንቱ ሰነዱ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ። የለቀቀ ሠራተኛ ከክፍያ ዝርዝሩ ይውጣ፤ ለሌለ ሰው በዶላር መክፈል ኪሳራ ነው። የሚታደስበት ቀን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ይጻፍ፤ ከቀኑ ቀደም ብሎ ይከፈል።

ጥቅል ሲመረጥም መስመር ሲጠፋ ምን ይሠራል ተብሎ ይጠየቅ። የማይክሮሶፍት ዝቅተኛው ጥቅል በኢንተርኔትና በስልክ የሚሠራውን እንጂ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ዎርድና ኤክሴል አይጨምርም። የሚጫነው ያለበት ጥቅል ደግሞ ቢያንስ በወር አንዴ ከኢንተርኔት ካልተገናኘ ማንበብ እንጂ መጻፍ አያስችልም። ሊብረኦፊስ ግን ነጻ ነው፤ ኪራይ አይጠይቅም፣ ፈቃድም አያድስም። ለክፉ ቀን አንድ ማሽን ላይ መጫን ወጪ የለውም።

ይህ ሁሉ የባለቤቱ ድርሻ ነው። የመንግሥት ድርሻ ደግሞ አለ። የደኅንነት ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ በወለጋ የታጠቀ ግጭት ነበር፣ ሰውም ይሞት ነበር። ነገር ግን ኢንተርኔት ማለት ፌስቡክ ብቻ በነበረበት ዘመን የተለመደ መሣሪያ፣ ሰነድም ክፍያም በዚያው መስመር በሚሄድበት ዘመን ሌላ ትርጉም አለው። ዛሬ የአንድን ዞን መስመር መዝጋት የዞኑን ቢሮዎች ሁሉ ማሸግ ነው። ሱቅ የሚታሸገው በደብዳቤ፣ በምክንያትና በቀን ተወስኖ ነው፤ ባለሱቁም ይግባኝ የሚልበት ቦታ አለው። መስመርም ሲዘጋ ያን ያህል ሥርዓት አይገባውም? በብር የሚከፈል የአገር ውስጥ ክላውድም የምንዛሪውን ቁልፍ ያቀልል እንደሆነ እንጂ ይህን አይፈታም።

አዋጅ 1205 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ክብር ሰጥቷል። ክብሩ ሙሉ የሚሆነው የወለጋ ነጋዴ ሰነዱን ሲፈልገው ማግኘት ሲችል ነው። እስከዚያው ድረስ ክላውዱን ይጠቀም፤ ሃርድ ዲስኩን ግን ከጠረጴዛው መሳቢያ አያውጣ።