የደጅ አበባና የበጋ ፀሓይ በደብረ ታቦር

ቤት ከውስጡ አስቀድሞ በደጁ ይታያል። እንግዳ የባለቤቱን ትጋት የሚገምተው ደፉን ከመርገጡ በፊት፥ አጥሩንና በአጥሩ ሥር የተተከለውን ተመልክቶ ነው። ስለዚህ ለደጅ የሚሆን አበባ መምረጥ ቀላል ነገር ቢመስልም፥ በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባለው በደቡብ ጎንደር ደጋ የአገሩን አየርና የአገሩን ታሪክ ማወቅን የሚጠይቅ ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ዝናሙ ለብዙ ወራት ይርቃል፤ ቀን ፀሓዩ ያቃጥላል፥ ሌሊት ብርዱ ይበረታል። ውሃ ከምንጭ ተቀድቶ በሚመጣበት ቤት፥ በየዕለቱ ውሃ የሚሻ አበባ የሚጠጣው የእናቶችንና የልጆችን ድካም ነው። እንግዲህ ሙቀት የሚችለውን አበባ መምረጥ ማለት፥ ደጁን እናስጊጣለን ብለን የቤተ ሰቡን እንስራ አለማራቈት ማለት ነው።

የዚህ አገር ዕፀዋት ዋጋ በሩቅ አገር ሰዎች ዘንድ ከታወቀ ቈይቷል። ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ዊልሄልም ሺምፐር በ1829 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፥ በ1871 ዓ.ም. በዐድዋ እስኪሞት ድረስ ኑሮውን በዚሁ አደረገ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ባሠሩበት ዘመን፥ ሺምፐር በጋፋትና በደብረ ታቦር አካባቢ እየተዘዋወረ ዕፀዋት ይሰበስብ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጓዙ ደብረ ታቦር ተቃጠለች፤ በወረቀት መካከል ደርቀው ወደ አውሮፓ ከተላኩት የሺምፐር ዕፀዋት ግን ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። ባዕድ ባሕር አሻግሮ ያስቀመጠውን እኛ ከአጥራችን ሥር እንደ አረም ነቅለን ብንጥለው የሚያሳዝን ይሆናል።

የአገራችን አበቦች በጋውን የሚያልፉበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። አደይ አበባ ፀሓይን አይታገልም፤ ዝናሙ ሲያበቃ በመስከረም አብቦ፥ ዘሩን ለመሬት አደራ ሰጥቶ ይደርቃል። እንሶስላ ደግሞ ቅጠሉ ሲጠወልግ ሕይወቱን በወፍራም ሥሩ ውስጥ ይሸሽጋል። ሥሩ የሴቶች እጅና እግር ማቅለሚያ በመሆኑ፥ ሊቃውንት በላቲን ያወጡለት ስም «ቀለም ሰጪ» የሚል ትርጓሜ አለው። ሦስተኞቹ ፊት ለፊት የሚቋቋሙት ናቸው፤ እሬት ውሃውን በወፍራም ቅጠሉ ያጠራቅማል፥ ቀጋም በእሾሁ አጥር፥ በነጭ አበባው ጌጥ፥ በፍሬው የልጆች ምግብ ይሆናል። ይህንኑ ቀጋ ሊቃውንት «የሐበሻ ጽጌረዳ» ብለው ሰይመውታል።

በዚህም መሠረት ቀጋውን ለአጥር፥ እሬቱን ፀሓይ ለሚበረታበት ድንጋያማ ስፍራ፥ እንሶስላውን ጥላና እርጥበት ላለበት የግድግዳ ሥር፥ የአደዩንም ዘር ለደጁ ሜዳ መመደብ ይገባል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ቡጋንቪሊያ ሙቀትን የሚወድ፥ ውርጭን ግን የሚፈራ ስለ ሆነ፥ ከደብረ ታቦር ደጋ ይልቅ ዝቅ ብለው ለሚገኙት ለወረታና ለፎገራ ደጆች ይስማማል። የውጭውን አበባ አንነቅፍም፤ ነገር ግን ስፍራውን ሳይመረምሩ ስለ ቀለሙ ብቻ መትከል፥ በመስከረም ተደስቶ በየካቲት ማዘንን ያስከትላል።

ዛሬ ዱሩ እየተመነጠረ በሄደባቸው ቀበሌዎች፥ የአገር በቀሉ ተክል መጠጊያ በአብዛኛው የየቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ነው። ከዚያ ተክሉን ነቅሎ መውሰድ የመጨረሻውን ጎተራ መዝረፍ ይሆናል። በፈቃድ ጥቂት ዘር ለቅሞ በደጁ የሚያበቅል ሰው ግን ቤቱን ከማስጌጡ በላይ ለዐጸዱ ረዳት፥ ለልጆቹም ወራሽ የሚሆን ዘር ጠባቂ ነው እንላለን።