ግሽ በል፤ የአንዲት ትንሽ ካርድ ታሪክ

በሰከላ፣ ከዓባይ ምንጭ አጠገብ የሚኖረውን የአገሬ ሰው «ግሽ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት አንድ ነገር ያወጋችኋል። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መከራ በመጣባቸው ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ ውኃ አደራ ሰጡ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው «ግሽ ዓባይ!» ቢሉት፣ ውኃው መጻሕፍቱን አንዲት ፊደል ሳትርስ መለሰላቸው። ግሽ ማለትም «ትፋ፣ የዋጥከውን አውጣ» ማለት ነው ይላሉ። ልጅ ሳለሁ ይህን ተረት… ይቅርታ፣ ይህን ታሪክ (ተረት ስለው አያቴ ይቆጡኝ ነበር) መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ግን የአያቴን ቅኔ ስለዋጠች አንዲት ካርድ ነው።

አያቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። በ1991 ዓ.ም. አጎቴ ከአሜሪካ ለጥየቃ መጥተው፣ ከአባታቸው ጎን ቁጭ ብለው ቅኔያቸውን በቴፕ ቀዱ። በዚያው ዓመት ቅኔውን በላፕቶፓቸው እየጻፉ በአንዲት ተነቃይ ካርድ ላይ አኖሩት። ቴፖቹ አጎቴ ቤት ሲቀይሩ ጠፉ። አያቴም በ1994 ዓ.ም. ዐረፉ። በመስከረም 2000 ዓ.ም.፣ ለሚሌኒየሙ በዓል ከባሕር ማዶ የመጣው ዘመድ ሁሉ ሻንጣ ሙሉ ስጦታ ሲያወርድ፣ አጎቴ ያንን አሮጌ ላፕቶፕ ሰጡኝ። ሃርድ ዲስኩ ሞቷል። ካርዷ ግን በጎኑ እንደተሰካች ነበረች።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር አሁንም ይሠራል?» አልኋቸው።

«ማሽኑ የአንተ ነው። ቅኔው ግን የሁላችን ነውና አውጣው» አሉኝ።

ስለ ካርዷ ዘር ትንሽ ልበል። ላፕቶፕ በተፈለሰፈ ሰሞን እያንዳንዱ ኩባንያ የየራሱን ማስፋፊያ ይሠራ ነበርና የአንዱ ለሌላው አይገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ኩባንያዎቹ ተሰባስበው በካሊፎርኒያ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። የስሙ ምሕፃር «ፒሲኤምሲአይኤ» ይባላል። ይህ ምሕፃር ለአፍ እጅግ ከማስቸገሩ የተነሣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው «ፍቺው ‹ሰዎች የኮምፒውተር ምሕፃረ ቃላትን ማስታወስ አይችሉም› ማለት ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ቀልዷን ያዙልኝ፤ ኋላ እኔው ላይ ትደርሳለች።

በ1990 የወጣው የመጀመሪያው ደረጃ ካርዷን የማስታወሻ ቋት ብቻ አድርጎ ነበር ያሰባት። በ1991 የተሻሻለው ደረጃ ሞደምም፣ የኔትወርክ መገናኛም እንድትሆን ፈቀደላት፤ በ1995 ደግሞ «ካርድባስ» የተባለው ፈጣን ዝርያ ተጨመረ። ቁመቷ 85.6፣ ወርዷ 54 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ በየቀኑ በመስኮት ለደንበኛ የማስረክበው የኤቲኤም ካርድም ልኩ ይኸው ነው፤ የዚያኛዋ ውፍረት ብቻ ይበልጣል። ከማስገቢያው ቀዳዳ ውስጥ በሁለት ረድፍ የተሰለፉ 68 ቀጫጭን መርፌዎች አሉ። ሁሉም እኩል አይደሉም። ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ረጃጅም፣ «ካርድ ገብቷል» ብለው የሚናገሩት ደግሞ አጫጭር ናቸው። ስለዚህ ካርዷ ስትገባ መጀመሪያ ኃይል ታገኛለች፤ መግባቷ የሚነገረው በመጨረሻ ነው። ስትወጣም መውጣቷ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ኃይሏ የሚቋረጠው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዳን አብልቶ «ከወዴት ነህ?» እንደሚለው እንደ ጎጃም ባላገር ማለት ነው።

ካርዷም ስትጠየቅ መልስ አላት። በሆዷ ውስጥ ሠሪዋን፣ ስሟንና ሥራዋን፣ የሚያስፈልጋትንም የኤሌክትሪክ መጠን የሚዘረዝር ጽሑፍ ተሸክማለች። ከቤት ቤት የምትዞር ዕቃ ናትና የዘር ሐረጓን በራሷ ላይ ይዛ ትዞራለች።

ይሁንና መናገሯ ብቻውን አይበቃም። የሚሰማት ያስፈልጋል። የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም «ከርነል» የሚባል እምብርት አለው፤ እኔ አስኳል ብዬ እጠራዋለሁ። ዕቃና ፕሮግራም የሚገናኙት በእርሱ አማካይነት ብቻ ነው። የቀድሞ አስኳሎች ማሽኑ ሲበራ ያለውን ዕቃ አንድ ጊዜ ቆጥረው ያበቁ ነበር፤ በሥራ መካከል ዘው ብሎ የሚገባ፣ ሳይሰናበትም የሚወጣ ዕቃ በእነርሱ ዘንድ እንደ እብድ ነበር የሚታየው።

ሊነክስ የተባለውን አስኳል የሄልሲንኪው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምረው ለተነቃይ ካርድ ቦታ አልነበረውም። ቦታውን ያበጀለት ዴቪድ ሂንድስ የተባለ ሰው ነው። በ1990ዎቹ፣ በስታንፎርድ ሳለ፣ «ፒሲኤምሲአይኤ ሲኤስ» የተባለውን የፕሮግራም ስብስብ ጻፈ። ስብስቡ ከአስኳሉ ውጭ ለብቻው የሚታደል ነበርና ተጠቃሚው አውርዶ ከራሱ አስኳል ጋር አስማምቶ መሥራት ነበረበት። ከእርሱም ጋር የሚደገፉ ካርዶች ስም ዝርዝር ይመጣል፤ ከዝርዝሩም ብዙው ተራ ተጠቃሚዎች «እኔ ዘንድ ያለችው ካርድ እንዲህ ናት፣ ሠርታልኛለች» እያሉ የላኩት ነው። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ዝርዝር ነው። በስም የማይተዋወቁ ሰዎች ለማያውቁት ሰው በር ከፈቱ።

በጥር 2001 (እንደ አውሮፓውያኑ) 2.4 የተባለው የሊነክስ ዕትም ሲወጣ የካርዶቹ ድጋፍ ወደ አስኳሉ ውስጥ ገባ። የካርድባስ ማስገቢያዎችን የሚያስተዳድረው ክፍል «የንታ» ይባላል። የንታ በአይሁድ የዪዲሽ ቋንቋ ነገረኛ፣ ወሬ አመላላሽ ሴት ናት፤ በ1964 በኒውዮርክ መድረክ በወጣው «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» በተሰኘው ሙዚቃዊ ቴአትር ደግሞ የመንደሩ ጋብቻ አገናኝ ስም ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት ግድ የለኝም፤ ከ68 መርፌዎች ጋር አስኳልን ለሚያጋባ ፕሮግራም ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም።

ወደ እኔ ጉድ ልመለስ። በ2000 ዓ.ም. ክረምት፣ ከባሕር ዳር ለእረፍት ፍኖተ ሰላም እናቴ ቤት ገብቼ፣ አዲስ ሃርድ ዲስክ ያስገባሁበትን ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁ። አንድ ጓደኛዬ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የዴቢያን ሊነክስ ሲዲ አውሶኛል። «ማሽንህ አቅመ ደካማ ነውና አስኳሉን ራስህ ቀንሰህ ሥራው» ብሎም መክሮኛል። ምንጩ በእጅህ ነው፤ ትጠየቃለህ፤ ለእያንዳንዱ ነገር «አዎ»፣ «አይደለም» ወይም «ሞጁል ይሁን» ብለህ ትመልሳለህ። ሞጁል ማለት ባለቤቱ ሲመጣ ብቻ የሚጠራ፣ ሲሄድም የሚሰናበት ቁራጭ ነው።

በመቶ የሚቆጠር ጥያቄ ነበር። እኔም የኢኮኖሚክስ ተማሪ እንደመሆኔ ያላወቅሁትን ሁሉ ቀነስሁ። «ማሽኑ ሳይጠፋ የሚሰካና የሚነቀል ዕቃ ይደገፍ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ማን ማሽን ሳያጠፋ ዕቃ ይነቅላል ብዬ «አይደለም» አልሁ። በዚያ ዕትም ይህ ጥያቄ የካርዶቹ ምዕራፍ በር ነው፤ እርሱን ስትዘጋ የካርዶቹ ምዕራፍ ከነስሙ ከዓይንህ ይሰወራል። ከዚያ በፊት ስሙን አይቼው ነበር፤ ግን ያቺን የማትያዝ ምሕፃር ከጎኑ ከተሰካችው ካርድ ጋር አላገናኘኋትም። ቀልዷ እዚህ ላይ ደረሰችብኝ።

ማታ በ2 ሰዓት የጀመረው ሥራ ሌሊቱን ሲንቀራፈፍ አደረ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ከስንት ዘመን በፊት ሞቷልና ማሽኑም አብሮ ጠፋ። በማግሥቱ ቀጠልሁ፣ ጨረስሁ፣ አበራሁ። ካርዷ ጸጥ አለች። አውጥቼ መለስኋት፤ ጸጥ። አውሮፓውያን ተጓዦች፣ ፓኤዝ በ1618፣ ብሩስ በ1770፣ የዓባይን ምንጭ አገኘን ብለው እስኪጽፉ ድረስ ለእነርሱ ምንጩ እንዳልነበረ ሁሉ፣ ለእኔ አስኳልም ካርዷ አልነበረችም።

ስህተቴን ለማወቅ ሦስት ቀን፣ የሂንድስንም መመሪያ ሁለት ጊዜ ማንበብ አስፈለገኝ። በመመሪያው ያገኘሁት ደስ የሚል ነገር ቢኖር ድምፁ ነው። ካርዶችን የሚጠብቀው ዘበኛ ፕሮግራም ካርድ ሲገባ በማሽኑ ድምፅ ማጉያ ሁለት ጊዜ ይጮኻል። የፊተኛው ካርዷን ለማወቁ፣ የኋለኛው ለሥራ ለማዘጋጀቱ ነው። ቀጭን ድምፅ ተሳካ፣ ወፍራም ድምፅ አልተሳካም ማለት ነው። በሩን «አዎ» ብዬ ከፍቼ፣ የካርዶቹን ምዕራፍ ሞልቼ፣ ሌላ ሌሊት አስኳሉን ሠራሁና ካርዷን ገፋ አደረግኋት። አንድ ቀጭን ድምፅ፤ ከዚያ አንድ ወፍራም። «አውቄሻለሁ፤ የማሳድርሽ ግን ክፍል የለኝም» ማለቱ ነው።

ለካስ የማስታወሻ ካርድ በአስኳሉ ዘንድ እንደ ዲስክ ነው የሚቆጠረው። የሚያነበው ሞጁል ከካርዶቹ ምዕራፍ ሳይሆን ራቅ ብሎ ከዲስኮች ምዕራፍ ውስጥ ነበር፤ እርሱንም «አይደለም» ብዬ አልፌዋለሁ። ጨመርሁት። በሦስተኛው ሙከራ፣ እናቴ ቡና እያፈላች፣ ሁለት ቀጫጭን ድምፆች ተከታትለው ወጡ። እናቴ ቀና ብላ «ምን አለ?» አለች። «አያቴ መጡ» አልኋት። ቀልዴን አልወደደችውም።

እነዚያ ሁለት ድምፆች በወቅቱም የቀሩ ነገሮች ነበሩ። ዘበኛው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2005፣ ከ2.6.13 ዕትም ጀምሮ፣ ዝም ብሎ በሚሠራ ሌላ መሣሪያ መተካት ጀምሮ ነበር። ማኅበሩም ራሱ በ2009 ፈርሶ ሥራውን የዩኤስቢ ማኅበር ተረከበ። የዲስክ ካርዴን ያነበበልኝ ያ ሞጁል በ2021 ከነመላው የአሮጌ ዲስኮች ክፍል ከአስኳሉ ወጣ፤ የእርሱን ሥራ የሚሠራ ወጣት ግን ቀደም ብሎ ገብቶ ነበር። በ2023 ደግሞ ተጠቃሚ የላቸውም የተባሉ የካርድ ድራይቨሮች ተራ በተራ ተነቀሉ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ማንም የማይፈትነውን ኮድ መጠበቅ ዋጋ አለው። ሆኖም ከእያንዳንዱ ስረዛ በስተጀርባ የማን አያት በየትኛው መሳቢያ እንደተቆለፈ የሚያውቅ የለም።

ፋይሉን ስከፍተው ግን በፊደላችን የተጻፈ አንድም ቃል አላየሁም። ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደልና የነጥብ ቡራቡሬ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በመስከረም 1999 እንደ አውሮፓውያኑ ነው፤ አጎቴ የጻፉት ከዚያ ጥቂት ወራት ቀድመው፣ በድሮ የፊደል ፕሮግራም ነበር። ውኃው መጻሕፍቱን መለሰ፤ ፊደሉ ግን ረጥቧል። ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ የማሽን ሳይሆን የስልክ ነበር። አጎቴ ከባሕር ማዶ፣ እኔ ከፍኖተ ሰላም፣ «ይቺ ምልክት ‹ጸ› ናት ወይስ ‹ፀ›?» እየተባባልን ሰንጠረዥ ሠራን።

አርባ አንድ ቅኔ ወጣ። አርባዎቹ ሙሉ ናቸው። የመጨረሻው ከማሰሪያው በፊት ይቆማል፤ ኮዱን ስንት ጊዜ ብፈትሽም የጠፋ ነገር አላገኘሁም። አጎቴን ብጠይቃቸው ትንሽ ዝም ብለው፣ «የጠፋ የለም። ቴፑ እዚያ ላይ አለቀብኝ፤ ‹አባባ፣ ቴፕ ልቀይር› ስላቸው ቡና መጣ» አሉኝ።