የሶኬት ፖላሪቲ

ፌዝ፣ ኒውትራልና ኧርዝ የሚባሉት ሽቦዎች በሶኬቱ ውስጥ በየቦታቸው መታሰራቸውን የሚመለከት ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ቤት የሚገባው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ተለዋዋጭ ኃይል ስለሆነ እንደ ባትሪ ድንጋይ ቋሚ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የለውም፤ ጥያቄው የሚነዝረው ሽቦ፣ ማለትም ፌዙ፣ የትኛው ነው የሚለው ነው። ሁለት ክብ ጥርስ ያለው መሰኪያ ተገልብጦም ስለሚገባ ፌዙ በቀኝም በግራም ቢሆን ችግር የለም። ባለሦስት ጠፍጣፋ ጥርሱ የእንግሊዝ ዓይነት ግን በአንድ በኩል ብቻ ስለሚሰካ የፌዙ ቦታ መጠበቅ አለበት።

ጣጣው ማብሪያ ማጥፊያው በፌዙ ፈንታ ኒውትራሉን ሲቆርጥ ነው። አምፖሉ ይጠፋል፣ መያዣው ግን እንደነዘረ ይቆያል፤ ቴስተር ሲያስነኩት ቦግ ይላል። ቴስተር ፌዝን እንጂ የኧርዝን ደህንነት አይናገርም፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር ሰማያዊ ኒውትራል፣ ቢጫና አረንጓዴ ኧርዝ ነው፤ የቀድሞው ሠራተኛ በእጁ ባገኘው ሽቦ ሠርቶ ከሆነ ግን ቀለም አይታመንም።

ሽቦውን እንደገና ለመዘርጋት ደግሞ ግድግዳው ይታያል። በሐረር፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው የጀጎል አሮጌ ከተማ፣ የነባሮቹ ቤቶች ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ነው። እሱን ከመፈልፈል ሽቦውን በቱቦ አድርጎ በላዩ ማሳለፍ ይሻላል፤ ነደባ በሚባለው የቤት ውስጥ መደብ ላይ የሚድህ ሕፃን እንዳይደርስበት ግን ሶኬቱ ከፍ ይበል።