ከከፍተኛ በላይ ምን አለ? ከዙፋን ችሎት እስከ ሰበር ችሎት

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እያለ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምን ይሠራል? ከከፍተኛ በላይ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አያቴ ትዝ አሉኝ።

አያቴ በጃንሆይ ዘመን ለአንዲት ቁራሽ ርስት ብለው ከቡልጋ አዲስ አበባ በእግራቸው እየተመላለሱ የተሟገቱ ሰው ናቸው። ደጅ ሲጠኑ ስንቃቸው አልቆ በሰው ቤት እንዳደሩ ሲነግሩን ነው ያደግነው። ያኔ የመጨረሻው ዳኛ ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትር ያደረጉት አፈ ንጉሥ ነሲቡን ነው። ማዕረጉን ልብ በሉት፤ አፈ ንጉሥ ማለት የንጉሥ አፍ ማለት ነው። ዳኛው የሚናገረው በንጉሡ ስም ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተደራጁ፤ ከላይ የተቀመጠው ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት ነበር። ግን እሱም የመጨረሻ አልነበረም። እዚያ የተረታ ሰው ዙፋን ችሎት ቀርቦ ለጃንሆይ «አቤት!» ይል ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሳይቀር ይህንን በር ክፍት አድርጎታል። አያቴ በመጨረሻ ተፈረደላቸው። ተመሳሳይ ነገር ይዞ የሄደው ጎረቤታቸው ግን ተረታ። አያቴ ይህን ሲያወሩ «ዕድል ነው» ነበር የሚሉት። ፍርድን ዕድል ማለት ያሳዝናል እኮ!

በ1967 ንጉሡ ሲወርዱ ዙፋን ችሎትም አብሮ ቀረ። ዛሬ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የበላዩ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ዋናው ጉልበቱ ያለው ሰበር ችሎት ላይ ነው።

ሰበር ምስክር እንደገና አይሰማም፣ ማስረጃም አይመዝንም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በመጨረሻው ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ወይ? መጀመሪያ ሦስት ዳኞች አቤቱታውን ያጣራሉ። ያስቀርባል ካሉ ቢያንስ አምስት ዳኞች ይሰየሙበታል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አምስቱ የሰጡት የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድዳል። የአያቴ ጎረቤት ያጣው እንግዲህ ይህንን ነው። (ይህ የክልሎችን የዳኝነት ሥልጣን ይነካል ብለው የሚከራከሩ የሕግ ሰዎችም አሉ፤ ቀላል ክርክር አይደለም።)

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ መዝገብ ቁጥር 23632። አክስት ያሳደገችውን ልጅ ለረጅም ዓመታት ርቆ የነበረው አባት መጥቶ «ሞግዚቱ እኔ ነኝ» ይላል። የደቡብ ክልል ፍርድ ቤቶች ለአባትየው ፈረዱ፤ ሕጉ ወላጅን ያስቀድማላ! ሰበር ግን ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ መቅደም ያለበት የልጁ ጥቅም ነው ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ከዚያ ወዲህ የትም ወረዳ ያለ ዳኛ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥመው ይህን ማየት አለበት።

ታዲያ ሁሉም እዚያ ያልቃል? አያልቅም። ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ፍርድ ቤቱ ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ፤ ሰብሳቢው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው፣ ግን ጉባኤው አስተያየት ያቀርባል እንጂ የመጨረሻውን ቃል አይናገርም። በ2012 ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም ያየነው ይህንኑ ነው፤ የወሰነው ምክር ቤቱ ነው። የፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ራሱን ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ፓርላማው ይሾማል።

ይህን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ሥዬ ስጨርስ ያው ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ታዲያ መንግሥት ሕገ መንግሥቱን ቢጥስ የሚፈርደው ራሱ መንግሥት ነው ማለት ነው?» በዚህኛው ማንም አልሳቀም። የድሮ ሰዎች «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። እኔ በበኩሌ የዚያን ልጅ ጥያቄ ከተረቱ አስበልጣለሁ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱለት ነበር? ደወሉ ስለተደወለ ለሰኞ ቀጠሮ ይዘናል።