በሽታ ከሰው ወደ ወፍ ይተላለፋል?

ስለ ወፍና ስለ በሽታ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው ወፏ በእኛ ላይ ምን ልታስተላልፍብን እንደምትችል ነው። በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ዓለምን ባሰጋበት ወቅት በጉራጌ ዞን በሚገኘው የጉብሬ የዶሮ ማርቢያ ዶሮዎች በብዛት ሞቱ ተብሎ አገር ተሸብሮ ነበር። ምርመራው የተፈራው ቫይረስ አለመሆኑን ቢያሳይም የዶሮና የእንቁላል ገበያው መቀዝቀዙ አልቀረም። የታመመ ሰው ለወፉ ያሰጋል ወይ የሚለውን የተገላቢጦሽ ጥያቄ ግን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። መልሱ እንደ በሽታውና እንደ ወፉ ዓይነት ይለያያል።

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ከሆነ ወዲህም እንደ ቀድሞው ሠራተኛው በአብዛኛው በየሰፈሩ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። በእነዚህ ግቢዎች እርግብ የሚያረባ አለ፤ ከቀፊራ ገበያ ሁለት ሦስት ዶሮ ገዝቶ ሌሊት ሌሊት ከአልጋው ሥር የሚያሳድርም አለ። ሰውና ወፍ አንድ አየር እየተነፈሱ ነው የሚያድሩት።

ከቀላሉ እንጀምር። ተራ ጉንፋን የሚያመጡት የሰው ቫይረሶች ወፍን አይዙም። አፍንጫዎ እየፈሰሰ ለዶሮዎ ጥሬ ቢበትኑ የሚጎዳ ነገር የለም። ኢንፍሉዌንዛ ግን ከዚህ ይለያል። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባው እንደ ቁልፍ የሚገጥምለትን በር ሲያገኝ ሲሆን፣ የሰውና የወፍ በሮች በአብዛኛው የተለያዩ ናቸው። ሁለቱንም ዓይነት በር የያዙ ወፎች ግን አሉ፤ ከእነዚህ አንዷ ተርኪ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤች1ኤን1 ወረርሽኝ ሰውን ሲያጠቃ በቺሊ፣ ቀጥሎም በካናዳና በአሜሪካ የተርኪ እርባታዎች ውስጥ ያው ቫይረስ ተገኘ። የተጠረጠሩት ሠራተኞቹ ነበሩ። ወፎቹ በብዛት አልሞቱም፤ እንቁላል መጣላቸው ግን በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ኮቪድ በተከሰተ ጊዜ ደግሞ ተመራማሪዎች ዶሮና ዳክዬን በቤተ ሙከራ ለቫይረሱ አጋልጠው ሳይያዙ ቀርተዋል።

አሳሳቢው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ዶሮን የሚይዘው የነቀርሳ ባክቴሪያ ከሰው የተለየ ሲሆን፣ የሰውን ባክቴሪያ ዶሮ በደንብ ትቋቋማለች። በቀቀን ግን አትቋቋምም። እ.ኤ.አ. በ2002 በስዊዘርላንድ የታተመ ጥናት የሰው ነቀርሳ በአንዲት ካናሪና በአንድ አማዞን በቀቀን ላይ መገኘቱን ዘግቧል። በሽታው በበቀቀን ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ሰው በሳል ሳይሆን በፊት፣ በዓይንና በምንቃር ዙሪያ በሚወጣ እብጠት ነው። ብዙ ባለቤቶች ኪንታሮት መስሏቸው ለወራት ይተዉታል። ሕክምናው ረጅም ከመሆኑም በላይ የታመመው ወፍ በተራው ሰውን ሊይዝ ስለሚችል፣ የእንስሳት ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚመክሩት ወፉን ማስወገድ ነው። ለዓመታት ስሙን የጠራው በቀቀን በእሱ ሳል ምክንያት ሲገደል ማየት ለባለቤቱ ቀላል አይሆንም።

ይህ ነገር የፈረንጅ ወሬ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ራሳችን ላሞች ይመልከት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ጎበና አመኒና ባልደረቦቻቸው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት የሰው ነቀርሳ ባክቴሪያ ከከብቶች ላይ ተገኝቷል። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ አርሶ አደሩ ያኘከውን ትምባሆ በቀጥታ በከብቱ አፍ ውስጥ የመትፋት ልማድ ነው። እህል አላምጦ ከከንፈሩ ለወፉ የሚያጎርስ ሰውም የሚያደርገው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ምራቅ ንጹሕ ቢመስልም በአፋችን ያለው ባክቴሪያ ለወፍ የሚስማማ አይደለም።

ከሰው ወደ ወፍ ተሻግሮ እዚያው የቀረ ባክቴሪያም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የዘረመል ጥናት በዓለም ዙሪያ በዶሮ እርባታዎች የተሰራጨ አንድ የስታፊሎኮከስ ዝርያ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ከሰው የተሻገረ መሆኑን አመልክቷል። ዝርያው ዶሮን መገጣጠሚያ እያሳበጠ ሽባ ያደርጋል።

ሰው ሳይታመምም በሽታ ያደርሳል። በአገራችን ዶሮ የሚፈጀው ፈንግል ሰውን ቢይዝ ከዓይን መቅላት ብዙም አያልፍም፤ ነገር ግን ከገበያ በጫማ፣ በልብስና በእጅ እየተጓጓዘ ወደ ግቢ ይገባል። «ዶሮዎቼ ከግቢ ሳይወጡ እንዴት ታመሙ?» ብሎ የሚገረም ሰው እሱ ራሱ የት ውሎ እንደመጣ ቢያስብ ይሻላል። ቢሾፍቱ በሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ኢንስቲትዩት የሚመረቱ የፈንግል ክትባቶች አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሙቀት የሚቋቋመውና በዓይን ጠብታ የሚሰጠው ለድሬዳዋ ዓይነት ቆላ የተመቸ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በሽታ ባይሆንም የሚገድል ነው። የወፍ ሳንባ ከአየር ከረጢቶች ጋር የተያያዘ በመሆኑ በአየር ውስጥ ያለውን መርዝ ከሰው ፈጥኖ ይስባል። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች እስከ 1980ዎቹ ድረስ ካናሪ ይዘው ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነው። ከሰል በሚጨስበት፣ ሲጋራና ሺሻ በሚጤስበት በርጫ ቤት ጥግ ላይ ጎጆ ሰቅሎ ወፏ ለምን ዝም አለች ማለት አያስኬድም።

እንግዲህ ሳል ከሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው አክታውን በጤና ጣቢያ ያስመርምር፤ ነቀርሳ ከተገኘበትም በቤቱ በቀቀን ወይም ካናሪ ካለ ለሐኪሙ ይንገር። ሕክምናው ተጀምሮ ሐኪሙ ማስተላለፍ አቁመሃል እስኪል ድረስ ወፉን ሌላ ሰው ቢይዘው ይመረጣል። ለራስ የታዘዘን አንቲባዮቲክ በውኃ በጥብጦ ለወፍ መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም። ወፉ ላይ እብጠት፣ የላባ መነፋፋት ወይም ክብደት መቀነስ ከታየ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ነው፤ ለድሬዳዋ ነዋሪ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሩቅ አይደለም።