ስለ ካያክ መቅዘፊያ ቅርጽና መሻሻል

ካያክ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ የሚኖሩት የኢንዊትና የአሌዩት ሕዝቦች ለባሕር አደን የሠሩት፥ በቆዳ የተሸፈነ ጠባብ ታንኳ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ታንኳውን ሳይሆን መቅዘፊያውን ነው። የአንድ መሣሪያ መሻሻል በተነገረ ጊዜ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ለየትኛው ሥራ?» የሚለው ጥያቄ ሲሆን፥ የካያክ መቅዘፊያ ታሪክ ይህን በግልጽ ያስረዳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግሪንላንድ መቅዘፊያ በሁለቱም ጫፍ የሚቀዝፍ ነው። ውኃውን የሚገፋው ጠፍጣፋ ክፍል፥ እዚህ «ምላስ» የምንለው፥ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ወርዱም ከ7 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። መለኪያው የባለቤቱ ሰውነት ነው። ሁለቱ እጆች ግራና ቀኝ ተዘርግተው አንድ ክንድ ሲጨመርበት ርዝመቱን ይሰጣል፤ የምላሱ ወርድ በእጅ ሊጨበጥ የሚችለውን ያህል ነው፤ በሁለቱ ምላሶች መካከል ያለው እጄታም የትከሻን ስፋት ያህላል። ስለዚህም ለአንዱ ሰው ተለክቶ የተጠረበው ለሌላው በትክክል አይስማማም። ጫፎቹና ጠርዞቹ በበረዶ እንዳይጎዱ አጥንት ይለበጥባቸው ነበር።

የምላሱን መጥበብ አንዳንዶች በእንጨት እጦት ብቻ ይተረጕሙታል። በእርግጥም በግሪንላንድ ለጠርብ የሚበቃ ዛፍ እምብዛም አይገኝም፤ አብዛኛው እንጨት ከሳይቤሪያ ወንዞች ወጥቶ በባሕር ሞገድ ተንሳፍፎ የሚመጣ ነበር። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ወርዱ በተገኘው ግንድ መጠን በተወሰነ ነበር እንጂ በእጅ ጭብጥ ባልተለካም ነበር። አጥንትን ከእንጨት ጋር አጋጥሞ መለበጥ የሚችል ጠራቢ፥ ቢፈልግ ኖሮ ሰፊ ምላስ ለመሥራት ባልተቸገረ ነበር።

ዋናው ምክንያት ከአዳኙ ሥራና ከሚያሰጋው ሞት የሚመነጭ ነው። አዳኙ የሚለብሰው ውኃ የማያስገባ የቆዳ ልብስ በካያኩ አፍ ዙሪያ የሚታሰር ስለ ሆነ፥ ታንኳው ሲገለበጥ እርሱም ራሱ ቍልቍል ይሆናል። በዚያ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ከታንኳው ወጥቶ መዋኘት የሞት ያህል ነው። መዳን የሚችለው በመቅዘፊያው ውኃውን ተመርኵዞ ታንኳውን መልሶ በማቅናት ነው። ለዚህም እጁን እስከ ምላሱ ጫፍ አንሸራትቶ መቅዘፊያውን ማስረዘም ያስፈልገዋል፤ በእጅ የማይጨበጥ ሰፊ ምላስ ግን ለዚህ አይመችም። ዳቪድ ክራንትስ በ1765 በታተመው የግሪንላንድ ታሪክ ላይ ይህን ልምምድ በአሥር ዐይነት ከፋፍሎ ገልጾታል። ከዚህም በቀር ጠባቡ ምላስ ነፋስ እምብዛም አይገፋውም፤ ውኃ ውስጥም ያለ ጩኸት ይገባል። ይህም አውሬውን ላለማስደንበር ይጠቅማል።

ካያክ ወደ አውሮፓ ከገባ በኋላ ሥራው ተለወጠ። ስኮትላንዳዊው ጆን ማግሬጎር በ1865 በአውሮፓ ወንዞች ላይ ከተጓዘ ወዲህ የሁለት ጫፍ መቅዘፊያ ለሽርሽርና ለስፖርት ተለመደ። ካያክ በ1936 የበርሊን ኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። በዚህ ዘመን ምላሱ አጭርና ሰፊ ሆነ፤ ሰፊው ምላስ በነፋስ ስለሚገፋም ሁለቱ ምላሶች አንዱ ለአንዱ አግድም ሆነው እንዲጋጠሙ ተደረገ። ነገር ግን ኦስትሪያዊው ኤዲ ሃንስ ፓውላታ በ1927 ስለ ሰሜን ሕዝቦች የተጻፈውን አንብቦ የተገለበጠ ካያክን ማቅናት በተማረ ጊዜ፥ የተጠቀመበት ዘዴ የምላሱን ጫፍ ይዞ መቅዘፊያውን ማስረዘም ነበር። የጥንቱ ችግር ሲመለስ የጥንቱ መፍትሔም አብሮ ተመለሰ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በስዊድን የአውሮፕላን ክንፍ መሰል መቅዘፊያ ተፈለሰፈ። ተራው ምላስ ወደ ኋላ ሲሳብ ውኃውን እያተራመሰ ይንሸራተታል፤ ከቀዛፊው ጕልበት ከፊሉ በዚህ ይባክናል። የክንፉ ቅርጽ ያለው ግን ከታንኳው ጎን ወደ ውጭ እየራቀ ሲሄድ፥ ክንፍ በአየር ላይ የሚያገኘውን ዐይነት ኀይል ከውኃው ያገኛል፤ መንሸራተቱም ይቀንሳል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፍጥነት ውድድር ሌላውን ሁሉ ተካ። ሆኖም የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ስለ ሆነ ለመመርኰዝና የተገለበጠን ካያክ ለማቅናት እንደ ጠባቡ አይመችም።

እንግዲህ «የተሻለው የትኛው ነው?» ቢባል፥ በጸጥተኛ ውኃ 1,000 ሜትር ለሚሽቀዳደም ሰው የክንፉ፥ በክፉ ባሕር ብቻውን ለሚያድን ሰው የጠባቡ ነው። በፍጥነት ብቻ የሚፈርድ ሰው የሁለተኛውን ጥበብ እንደ ድኽነት ይቈጥረዋል። በ20ኛው መቶ ዓመት የሞተር ጀልባ ስለ ተስፋፋ ይህ ጥበብ በግሪንላንድ ራሱ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ በ1980ዎቹ ግን የአገሩ ወጣቶች የካያክ ማኅበራት አቋቁመው ከሽማግሌዎች ይማሩት ጀመር። ዛሬም ካያክን የማቅናት ዘዴዎች በብሔራዊ ውድድራቸው ይፈተናሉ። በቤተ መዘክር የተቀመጠ መቅዘፊያ ርዝመቱንና ወርዱን ብቻ ይነግረናል፤ ለምን እንደዚያ እንደ ተጠረበ የሚነግረን ግን ይዞት ከውኃው በታች ተገልብጦ የሚነሣው እጅ ነው።